የፈረሰው መሳፈሪያ ሰልፍ

«አባባ፣ ባቡሩ በዚያ በኩል ነው። ይሄኛው መሳፈሪያ እኮ ከፈረሰ ቆየ!» አለች ሱክ-ፋን።

የቱን ሙን ከተማ አውቶቡስ መናኸሪያ ሲሰፋ አሮጌው የባቡር መሳፈሪያ ተነሥቶ ቦታው አስፋልት ሆኗል። ሽማግሌው አባቷ አቶ ሹም ግን ባዶው አስፋልት ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«ሰልፍ ይዣለሁ» አሉ።

«እንዲህ ብለው ለሐኪሙም ይንገሩትና ዛሬውኑ መጦሪያ ያስገባዎት!»

ቀልዱ ለራሷም መረራት። የሐኪሙ ቀጠሯቸው ለዚሁ ነበር። ከኋላቸው ገብታ ሁለቱንም ክንዳቸውን ስትይዝ፣ በጠራራ ፀሐይ የእርጥብ ጃንጥላ ጫፍ ጀርባዋን ጎሰም አደረጋት። ዞር አለች። ማንም የለም። ሸሚዟን ስትዳስሰው ርሷል።

«አባባ... ማነው?»

አቶ ሹም ዞረው እንኳ አላዩም።

«ተራ ጥሰሽ ስትገቢ ዝም እንዲሉሽ ነበር የፈለግሽው?»