የስመኝ የጥናት ቀን

«ጥናት በበዓል ነው። በሥራ ቀን ከትምህርት መልስ አረም አለ፣ እንጨት አለ» ብሎ አባትየው ቁርጡን ነገራት። ዘንድሮ ስምንተኛ የገባችው ስመኝ የማይሠራባቸውን በዓላት ደብተሯ ላይ ጻፈችና ቆጠረቻቸው።

«አባባ፣ በዚህማ ሚኒስትሪ እወድቃለሁ።»

«ታዲያ እኔ በዓል ልፍጠርልሽ?»

እናትየው ጤፍ ስታርም ውላ ገብታ፣ ያበጠ እግሯን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ነበር። ቀና እንኳ ሳትል «ዑራኤልንም ጻፊው» አለቻት።

«ኧረ አንቺ ሴት! ማርያም ሃያ አንድ፣ ጊዮርጊስ ሃያ ሦስት። መሃል ላይ ዑራኤል ከገባ ሦስት ቀን ሙሉ ልንቀመጥ ነው? መቼ አክብረነው እናውቃለን?»

«ዘንድሮ ስለት ገብቻለሁ። ካልፈለግህ ለራሱ ንገረው።»

አባትየው አፉን ከፈተ፤ ከዚያ አማተበ። ስመኝ ሐሳቡን ሳይቀይር ቶሎ ጻፈች። እናትየው ዓይኗን ጨፍና፣ «ተክልዬስ በሃያ አራት አይደል?» አለች።