ለአንድ ሰው የሚበቃ ወለል

በሳሙና ፋብሪካው ውስጥ የቀረችው ሰው ስንዱ ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ በጎማ የሚሄድ ማሽን ነው።

የወለል ቀለም ሊያስመርጣት የመጣው ሸምሱ ሁለት ናሙና ዘርግቶ የሳሙና ውሃ አፈሰሰባቸው። ስትቆምበት ለስላሳው አዳለጣት፤ አሸዋ የተቀላቀለበት ግን እግሯን ያዝ አደረገላት።

«እትዬ፣ አሸዋው የማሽኖቹን ጎማ ይበላል። ለእርስዎ ከበሩ እስከ ወንበርዎ ድረስ ብቻ እቀባዋለሁ። ለአንድ ሰው ግማሽ ሜትር ስፋት ይበቃል።»

ስንዱ አብረዋት ይበሉ የነበሩት ሁለቱ ሠራተኞች ከሄዱም በኋላ፣ ዛሬም እንደ ልማዷ ለሦስት ሰው የቋጠረችውን ምሳ አየት አደረገች።

«ምሳ በልተሃል?»

«ሌላ ፋብሪካ የሚጠብቀኝ አንድ ሰው አለ፤ መሄዴ ነው።»

«እንግዲያው አንድ ሜትር አድርገው።»

«ብቻዎን አይደሉም እንዴ?»

«ብቻዬን ነኝ፤ ማን ካደ? ግን አንድ ቀን ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው ቢመጣ፣ በሩ ላይ እንዳያዳልጠው።»