እውነተኛው ቀጠሮ

ሠላሳ ዓመት ልብስ ስሰፋ ደንበኞቼን የዋሸሁት አንዲት ውሸት ብቻ ነው፤ «ነገ ይደርሳል»። እነሱም ውሸት መሆኑን ያውቃሉ። በነጋታው መጥተው ይቆጡኛል፣ ይራገማሉ፣ ለሚቀጥለው በዓል ደግሞ ሌላ ጨርቅ ይዘው ከች ይላሉ።

አንድ ቀን «አጋርዎ ነን» ከሚል የውጭ ድርጅት ባለሙያ ተላከልኝ። የታላቅ ወንድሙ የሚመስል ሰፊ ኮት ለብሷል።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ቀጠሮ የሚሰጠው ኮምፒውተሩ ነው» አለኝ። «ወረፋውን አይቶ ትክክለኛውን ቀን በደንበኛው ስልክ ይልካል። ሰው የሚፈልገው እውነቱን ነው!»

እውነቱም በየስልኩ ገባ፦ «ልብስዎ ገና አልተቆረጠም። ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ይምጡ።»

ወር ሳይሞላ ደንበኞቼ ጨርቃቸውን እየተቀበሉኝ ፊት ለፊት ወዳለው ልብስ ሰፊ፣ ወደ ሞላልኝ ተሻገሩ። የሱ ወረፋ ከእኔ ቢረዝም እንጂ አያጥርም።

ኮምፒውተሩን እንዲነቅልልኝ ባለሙያውን ፍለጋ ወጣሁ። ሩቅ አልሄድኩም። ባለሙያው በሞላልኝ ሱቅ ውስጥ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ ሞላልኝ በሜትር ደረቱን ይለካዋል።

«ለሠርጌ ነው ጋሼ» አለኝ ሳያፍር። «የእርስዎን ወረፋ አየሁት፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ይላል። እሳቸው ግን ነገ ይደርሳል ብለውኛል።»