መስቀሉ ይታያል?

ድረ ገጹን ያዘዙት የሟቹ ጓደኞች ናቸው። ልጁን የሊቢያ በረሃ በልቶታል።

«እናቱ ገና መርዶ አልደረሳቸውም» አሉት ባለሙያውን። «ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይዘን ሄደን እናረዳቸዋለን። እስከዚያ ገጹ እንዳይወጣ፣ አደራ!»

እሱን ያስጨነቀው ግን መስቀሉ ነበር። ከፎቶው በላይ ያኖረው የመስቀል ምልክት በኮምፒውተሩ ላይ አምሮ ይታያል፤ በአሮጌ ስልክ ሲከፈት ባዶ ሳጥን ይሆናል። ባዶ ሳጥን ለለቀስተኛ እንዴት ይቀርባል? ሲታገለው ውሎ አስተካከለው። መሞከሪያ አሮጌ ስልክ ያላቸው ደግሞ የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ እትዬ ወለላ ብቻ ናቸው። ስልካቸውን ተቀብሎ ገጹን ከፈተና መለሰላቸው።

«እትዬ፣ እስቲ ላይ ላዩን ይዩልኝ፤ ምን ይታያል?»

መወልወያውን ግድግዳ አስደግፈው ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አደረጉት።

«መስቀል።»

«ሳጥን አይደለም?»

«ኧረ መስቀል ነው፤ ጥርት ብሎ!»

እፎይ አለ። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ፎቶው ከመስቀሉ ሥር ቀስ እያለ ይወርድ ነበር፤ መጀመሪያ ፀጉሩ፣ ከዚያ ግንባሩ፣ ከዚያ ዓይኖቹ።

የእትዬ ወለላ ፊት በፈገግታ በራ።

«አንተ፣ ልጄን ከየት አወቅኸው?»