የሹፌሩ ዛፍ

በአሪዞና በረሃ፣ በቱሳን ከተማ፣ ለባለታሪኮች የቆሙት የነሐስ መታሰቢያዎች ከሙቀቱ የተነሣ አልነካ ሲሉ፣ በየቦታቸው ለእያንዳንዱ ባለታሪክ ዛፍ ተተከለ። ዛፎቹን የሚያጠጡት ነዋሪዎች ናቸው፤ ውሃውም ከየቤታቸው ድርሻ ላይ ይቀነሳል። አጠጪ ያጣ ዛፍ ይነቀላል፣ የባለታሪኩም ስም አብሮ ይጠፋል።

የአውቶቡስ ሹፌሩን የኤፍሬንን ዛፍ የሚያጠጣው ጎረቤት ከተማውን ለቅቆ ሲሄድ፣ ጡረተኛው ራሞን "እኛ እንውሰደው" አለ።

"በየትኛው ውሃ?" አለች ሚስቱ ኤውላሊያ።

"በቅዳሜ ገላ መታጠቢያ ውሃዬ።"

"እንግዲያው ቅዳሜ ቅዳሜ ሶፋው ላይ ነው የምትተኛው!" ብላ ሳቀች። ሆኖም ገላውን የሚያብስበት እርጥብ ፎጣ አዘጋጀችለት።

አንድ ቅዳሜ ራሞን ባልዲውን ዛፉ ሥር ሲደፋ፣ አንዲት ጎልማሳ ሴት ቆማ ቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠለውን ሰሌዳ አነበበች፦ "መብራት በጠፋበት በዚያ ክፉ በጋ ሕፃናትን ከሙቀቱ ወደ ቀዝቃዛው ተራራ ያወጣ፣ ትዕግሥተኛው ኤፍሬን።"

"ትዕግሥተኛ?" አለች እየሳቀች። "እኔ አውቶቡሱ ውስጥ ነበርኩ። ሙቀቱ አድክሞን እንዳንተኛ መንገዱን ሙሉ እየሰደበን ነው የወጣነው!"

"ምን እያለ?" አላት ራሞን ጓጉቶ።

ሴትየዋ የውሃ ጠርሙሷን አውጥታ፣ የቀረላትን ዛፉ ሥር አፈሰሰች። ድምፅዋንም እንደ ሹፌሩ አጎርንና ዛፉን፣ "ጠጣ እንጂ፣ አንተ ዱባ ራስ!" አለችው።

ራሞን ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እባክዎ ቤት ድረስ ይምጡልኝ" አላት፤ "ይህን ሚስቴም ከእርስዎ አፍ ትስማው።"