ሞተሩ የታመመ ቀን

ደሴቶቹ በባሕር ከተዋጡ ወዲህ የባሕር ወፎች እንቁላል የሚጥሉት መርከብ ላይ ነው። መርከበኛዋ ፋንቱም አልጋዋን ለአንዲት ወፍ ለቃ ወለሉ ላይ መተኛት ከጀመረች አርባ ቀኗ ነው።

የመርከቡ ተቆጣጣሪ አልጋው ላይ በተነጠፈው ሹራቧ የተጣለውን እንቁላል አየና፣ «ሕጉ የሚጠብቀው ወፍን እንጂ እንቁላልን አይደለም። ነገ ወደብ ስንደርስ ይሄ ይጣላል» አላት።

«እናትህ አንተን ስታረግዝ ሕጉን አስፈቅዳ ነበር?»

«አፍሽን ሰብስቢ!»

ፋንቱ ሞተር ክፍል ወርዳ ለመካኒኩ ለጋሽ ደባሱ ነገረቻቸው።

«ለመፈልፈል ስንት ቀን ቀረው?»

«ቅርፊቱ ተሰንጥቋል ጋሼ። ሁለት ቀን ቢያገኝ...»

ጋሽ ደባሱ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ሞተሩን አጠፉት። ተቆጣጣሪው እየሮጠ መጣ።

«ምን ሆነ?»

«ታሟል።»

«መቼ ይድናል?»

«ጫጩቱ ሲወጣ» አሉት።