እኔ የበየድኩት ብረት

«እሳት እንዳታስነሳ!» ይጮሃል አንዱ፣ የብረት መቁረጫውን ከእጄ እየነጠቀ። «ቤንዚን ላይ ነው የቆምከው! ሁላችንንም ልትጠብሰን ነው?»

እውነቱን ነው። ከተገጨችው ትንሽ መኪና ሆድ የሚንጠባጠበው ቤንዚን ጫማዬን አርሶታል። ብረት ቆርጬ የማድር ሰው በእጄ የቀረኝ አንድ ፌሮ ብቻ ነው።

ውስጥ ያለችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ሱቋ ከብየዳ ቤቴ ፊት ለፊት ነው፤ እሳት የበሳሳውን ሱሪዬን አሥር ዓመት የጣፈችልኝ እሷ ናት። ሞተሩ ወደ ኋላ ገብቶ መሪውን ከነዳሽቦርዱ ጭኗ ላይ ጭኖታል። ኤርባጉ ወጥቶ፣ ተንፍሶ፣ እንደ ሽርጥ ደረቷ ላይ ወድቋል። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች፣ እግር በማይዞርበት በኩል ዞሯል። ደሟ በበሩ ስር እየወጣ ነው።

«አንተ በያጅ» ትለኛለች፣ «ቆመህ የምታየኝ ልኬን ልትወስድ ነው?»

«አወጣሻለሁ እህቴ።»

«እንግዲያው ፍጠን። እግሬ እየቀዘቀዘ ነው፣ ሞኝ።»

የምትቀልደው ሲያማት ነው። ዛሬ ቀልዷ በዝቷል።

የገጫት መኪና ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ፊት ለፊቷ ቆሟል። የሰፈራችን ሲሚንቶ ነጋዴ መኪና ነው፤ ከሰፈሩ ቤቶች አንዳንዶቹ ከሱ ያንሳሉ። ከፊቱ ያለውን ድርብ ብረት ባለፈው ወር ከሻንሲው ጋር የበየድኩት እኔ ነኝ። «ግድግዳ ብገጭ ግድግዳው ይቅርታ እንዲጠይቀኝ አድርገህ ሥራው» ብሎኝ ነበር። ሠርቼዋለሁ። ቀለሙ እንኳ አልተላጠም።

«መኪና ማለት ይሄ ነው» ይላሉ አጠገቤ የቆሙ ሽማግሌ። «ሰውየው ጭረት የለበትም። ትልቅ ነገር ያድናል።»

«የሱን ድርሻ እሷ ወሰደችለታ፣ አባቴ!» ይላል አንድ ሹፌር።

ሌላው ሰው ክርክር አላሰኘውም። ነጋዴው በሩን ቆልፎ ተቀምጧል፤ እነሱ መኪናውን በቡጢ፣ በእርግጫ፣ በድንጋይ ይነርቱታል። አንድ ግዙፍ ጎሚስታ የጎማ መፍቻ ይዞ መጥቶ የኋላውን መስታወት አረገፈው፤ ቀጥሎ የጎኑን። «ውጣ! ነፍሰ ገዳይ!» ነጋዴው አይወጣም። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ፊት ለፊቱን ያያል። ላብ አጥምቆታል። ፊቱ የሚሸጠውን ሲሚንቶ መስሏል።

«እዩት፣ ፍርሃት ሲገድለው!»

ልብስ ሰፊዋ ቀልዱን ትታለች። ይሄ አስፈራኝ። ያን መሪ ከላይዋ የሚያነሳ ጉልበት እዚህ መንገድ ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የገጫት መኪና ነው።

ሮጬ ሰንሰለት አመጣሁ። የትንሿን መኪና የኋላ ጎማ በገመድ ከመብራት ምሰሶው ጋር አሰርናት። የሰንሰለቱን አንድ ጫፍ በተሰበረው የፊት መስታወት አሳልፌ የመሪዋ ግንድ ላይ ጠመጠምኩት። ሌላውን ጫፍ ይዤ ወደ ትልቁ ስሄድ የጎሚስታው ቡጢ አገጬ ላይ አረፈ። ጥርሴ ከንፈሬን በሳው።

«ለሱ ልታማልድ ነው?»

«በኋላ ግደለው» አልኩት ደም እየተፋሁ። «አሁን ይጎትትልኝ።»

አሰበበት። ሐሳቡ ሚዛን የሚደፋ ሆኖ ሳያገኘው አልቀረም፣ ዞር አለልኝ።

ሰንሰለቱን ብረቱ ላይ አሰርኩና በረገፈው መስኮት አንገቴን አስገባሁ። «ጋሼ፣ የኋላ ማርሽ ያስገቡና ቀስ ብለው ይሳቡ። ከወጣች ማንም አይነካዎትም።» ይሄ ውሸት ነው።

ዓይኑን ብቻ ወደ እኔ አዞረ። «ነፍሷ አለ?»

«ስትሳደብ ነበር።»

«እ... ጥሩ» አለ። ትንፋሹ አጭር ነው። ማርሹን ለማስገባት እጁ ሁለት ጊዜ ሳተ፤ በሦስተኛው ገባ።

ሰንሰለቱ ተወጠረ። ትንሿ መኪና አቃሰተች፤ ከውስጧ ሴትዮዋ እንደ እንስሳ ጮኸች። ዳሽቦርዱ አንድ ስንዝር ተነሳ። ፌሮውን በበሩ ስንጥቅ ሰክቼ በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት፤ በሩ ተገነጠለ። አራት ሆነን በብብቷና በወገቧ ያዝናት። እግሯ ከኋላ እየተጎተተ፣ አጥንቷ ነጭ ሆኖ እየታየ ወጣች። መሬት ላይ ስናሳርፋት ቀሚሴን ቀደዳችሁት ብላ የሁላችንንም እናት ሰደበች።

«በቃ ጋሼ! ወጥታለች፣ ያቁሙ!»

አላቆመም። የመሪዋ ግንድ ተነቅሎ አስፋልቱ ላይ ተፈጠፈጠ፤ ትልቁ መኪና ሰንሰለቱንና የሴትዮዋን መሪ እየጎተተ በዝግታ ወደ ኋላ ይሄዳል።

«አመለጠ! ያዙት!»

ሁላችንም ሮጥን። በሰው እርምጃ ነበር የሚሄደው። የመጋዘኑን ግንብ እንደ ድመት ተጠግቶ ነካና ቆመ። ቀድሞ የደረሰው ጎሚስታው ነው። በረገፈው መስኮት እጁን ሰዶ በሩን ከፈተ፣ የጎማ መፍቻውን አነሳ፤ ነጋዴው በሩ ላይ ተደግፎ እንደቆየ ኬሻ እላዩ ላይ ወደቀበት።

መፍቻው ከጎሚስታው እጅ አመለጠ። ሰውየውን በሁለት ክንዱ ተቀበለው።

በጎሚስታው ትከሻ ላይ ወደ መኪናው ውስጥ አየሁ። የመሪው ታችኛው ጠርዝ ወደ ዳሽቦርዱ ታጥፏል፤ የነጋዴውን ደረት ቅርጽ ይዟል። የደህንነት ቀበቶው፣ አልታሰረም እያለ እንዳይጮህበት፣ ከወንበሩ ጀርባ ዞሮ ታስሯል። ኤርባጉ አልወጣም። ብረቱን ስገጥም መንገድ የዘጋብኝን አንድ ቀጭን ሽቦ ቆርጬ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልዬው ነበር። ሽቦው ምን እንደሚሠራ ማንንም አልጠየቅኩም።

«ደሙ የት አለ?» ይላል ጎሚስታው፣ ሸሚዙን ገልጦ እየፈለገ። «ምኑ ጋ ነው የተመታው? ጋሼ! ጋሼ፣ ያናግሩኝ እንጂ!» በመዳፉ ላቡን ይጠርግለታል፤ ተንበርክኮ፣ እንደ ሕፃን አቅፎት።

ከወዲያ በኩል ልብስ ሰፊዋ፣ ውሃ የሚሰጣት ጠፍቶ፣ ሁላችንንም በየተራ ትረግማለች።